ጋርኔትን ከነእናት አለቱ ማውጣት፦ ከመስክ እስከ መደርደሪያ

ጋርኔት የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ቀይ የሆነ ድንጋይ ብርጭቆ ይጭራል፤ ቢላ አይጭረውም። በዚህ የተታለለ ሰው «ይህ ድንጋይ አይበገርም» ብሎ መዶሻውን ያነሣል። ቤቱ ገብቶ ከረጢቱን ሲፈታ የሚያገኘው ግን ግማሽ ክሪስታልና አንድ እፍኝ ቀይ ስብርባሪ ነው። አለመጫርና አለመሰበር ለየቅል ናቸው። ከ1 እስከ 10 በሚቆጥረው የሞስ መለኪያ የጋርኔት ጥንካሬ ከ6.5 እስከ 7.5 ይደርሳል፤ ሆኖም ተሰባሪ ነው። ተስተካክሎ የሚሰነጠቅበት አቅጣጫ ስለሌለው እንደ ጠርሙስ ይረግፋል። ገና መሬት ውስጥ ሳለም ብዙ ጊዜ በዐይን የማይታዩ ስንጥቆች አሉበት።

ስለዚህ ክሪስታሉን ፈልፍሎ ለማውጣት አትታገሉ። አለቱን ቁረጡና ክሪስታሉን ከነማረፊያው አምጡት። ለማዕድን ሰብሳቢ ጥሩ ናሙና የሚባለው አለቱ ላይ ጉብ ብሎ የተቀመጠ፣ ጠርዙ ያልተነካ፣ ከየት እንደመጣም የተጻፈለት ነው። ለጌጥ የሚሞረድ ድንጋይ መፈለግ ሌላ ሙያ ነው፤ እዚህ የምንነካው በጨረፍታ ብቻ ነው።

አለቱን መምረጥ

ጋርኔት የአንድ ማዕድን ስም ሳይሆን የቤተሰብ ስም ነው። ዋና ዋናዎቹ አባላት ስድስት ናቸው፦ አልማንዲን (ብረትና አልሙኒየም)፣ ፓይሮፕ (ማግኒዥየምና አልሙኒየም)፣ ስፔሳርቲን (ማንጋኒዝና አልሙኒየም)፣ ግሮሱላር (ካልሲየምና አልሙኒየም)፣ አንድራዳይት (ካልሲየምና ብረት) እና ኡቫሮቫይት (ካልሲየምና ክሮምየም)። በተፈጥሮ አንዱ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ስለሚገኝ ቀለም ብቻውን ምስክር አይሆንም። ቀይ ሁሉ አልማንዲን፣ አረንጓዴ ሁሉ ኡቫሮቫይት አይደለም። ከቀለሙ ይልቅ የተቀመጠበት አለት ይናገራል።

የሚያብለጨልጭ፣ በገጽ በገጹ የሚላጥ የማይካ ሺስት ወይም ባለ ጥቁርና ነጭ ሸንተረር ኒስ ካያችሁ አልማንዲን ጠብቁ። ጀማሪ ከዚህ ቢጀምር ይሻለዋል፤ ክሪስታሎቹ ብዙ ናቸው፣ አለቱም ለስላሳ ነው። ሪዮላይት በሚባለው የእሳተ ገሞራ አለት ክፍተቶች ውስጥ ትንንሽ፣ ጥቁር ቀይ፣ እንደ መስታወት የሚያበሩ የስፔሳርቲንና የአልማንዲን ቅልቅሎች ይገኛሉ። የኖራ ድንጋይ ከቀለጠ አለት ጋር ተገናኝቶ በበሰለበት ስፍራ፣ ማለትም በስካርን ውስጥ፣ ግሮሱላርና አንድራዳይት አሉ። ፓይሮፕ ከጥልቅ የመጡ የፔሪዶታይትና የኪምበርላይት አለቶች ልጅ ነው። ኡቫሮቫይት ደግሞ ክሮማይት የተባለው የክሮምየም ማዕድን ካለበት አይርቅም፤ ብዙ ጊዜ ከስኳር ቅንጣት የማይበልጡ ክሪስታሎች በአለቱ ላይ እንደ አረንጓዴ ምንጣፍ ተዘርግተው ይታያሉ።

ሕግን አክብሮ መልቀም ለሚፈልግ ሰው በአሜሪካ የታወቁ ቦታዎች አሉ። በአይዳሆ የሚገኘው ኤመራልድ ክሪክ በአገሪቱ የደን አገልግሎት የሚተዳደር ነው። ጠጠሩ ተከምሮ ይጠብቃል፤ ጎብኚው ወንዙን ሳይነካ ጠጠሩን በተዘጋጀ ቦይ ያጥባል። ክፍት የሚሆነው በበጋቸው ወራት ሲሆን ቦታ አስቀድሞ መያዝ ግድ ነው፤ በቀን የሚወሰደው መጠንም ገደብ አለው። በኔቫዳ፣ ኢሊ ከተማ አጠገብ ያለው ጋርኔት ሂል የሕዝብ መሬት ነው፤ በሪዮላይት ውስጥ ያሉ ጋርኔቶችን በእጅ መሣሪያ፣ ለግል ስብስብ ብቻ መልቀም ይቻላል። አላስካ ውስጥ ከራንጌል ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው የጋርኔት ገደል ታሪክ ለየት ይላል። እ.ኤ.አ. በ1962 ባለቤቱ ቦታውን ለአካባቢው ልጆች ጥቅም ብሎ ለስካውቶች ስለሰጠ፣ በመርከብ ለሚመጡ ጎብኚዎች ጋርኔት ይዘው የሚወጡት የከተማዋ ልጆች ናቸው። እዚያ ለሄደ ሰው ከልጆቹ መግዛት መዶሻ ከማንሣት ይቀላል፤ ጨዋነትም ነው።

በኢትዮጵያም በደቡብ ያለው የአዶላ የወርቅ ቀበቶ ጋርኔት የያዙ ሺስቶችና ኒሶች አሉት። ወርቅ አጣቢ ገበቴውን አዙሮ አዙሮ ከታች ከሚቀረው ጥቁር አሸዋ መካከል ቀይ ቅንጣት ሲያይ ብዙ ጊዜ ያየው ጋርኔት ነው። ይሁን እንጂ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ያለ ፈቃድ መቆፈር አይቻልም፤ ማዕድን ከአገር ይዞ መውጣትም የራሱ ፈቃድ አለው። ለስብስብ የሚፈልግ ሰው ፈቃድ ካለው ባህላዊ አምራች ወይም ነጋዴ በደረሰኝ ቢገዛ ከብዙ ጣጣ ይድናል። ደረሰኙንም አይጣለው፤ የናሙናው የትውልድ ማስረጃ እርሱ ነው።

የግል መሬት ከሆነ የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። ስንት ኪሎ እንደምትወስዱና ጉድጓዱን እንደምትደፍኑ ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። ብዙ ጥሩ ቦታዎች ለሰብሳቢዎች የተዘጉት ጋርኔት አልቆባቸው ሳይሆን ጉድጓድ ተትቶባቸው፣ የላም እግር ተሰብሮባቸው ነው።

የሚያዙ ዕቃዎች

ከ1 እስከ 1.2 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ፣ 12 ሚ.ሜ. እና 20 ሚ.ሜ. ስፋት ያላቸው ቢያንስ ሦስት የብረት መሮዎች፣ አንድ አጭር ድጅኖ፣ 10 ጊዜ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ፣ ጠንካራና ለስላሳ ብሩሽ፣ ውሃ የሚረጭ ጠርሙስ፣ ጠመኔ፣ ሶፍት፣ ማጣበቂያ ፕላስተር፣ ጋዜጣ፣ የእንቁላል ካርቶን፣ ትንንሽ ዚፕ ያላቸው ከረጢቶች፣ እርሳስና ማስታወሻ ደብተር ያዙ። በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት እርጥብ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ባዶ ወረቀት ነው፤ እርሳስ ግን አይለቅም።

የዐይን መከላከያ መነጽር ለድርድር አይቀርብም። የሪዮላይት ፍንጣሪ እንደ ምላጭ ነው። መዶሻን በመዶሻ አትምቱ፤ የሁለቱም ፊት የጠነከረ ብረት ስለሆነ ተፈናጥሮ ሥጋ ውስጥ ይገባል። አናቱ እንደ እንጉዳይ የተዘረጋ መሮም እንዲሁ ነው፤ ከመውጣታችሁ በፊት ጠርዙን በሞረድ አንሡለት። ሺስትና ኳርትዝ ሲፈረከሱ የሚወጣው አቧራ ሳንባን የሚጎዳ ሲሊካ አለው። የምትመቱትን ቦታ እያረጠባችሁ ሥሩ፤ ነፋስ ከጀርባችሁ ይሁን።

ከሺስት ማውጣት

መጀመሪያ መሮውን ሳይሆን ዐይናችሁን ተጠቀሙ። ከገደሉ ሥር የወደቀውን ፍርስራሽ ተመልከቱ፤ ዝናብና ውርጭ ለዓመታት የሠሩት ሥራ እዚያ ተዘርግቷል። የተበላ ሺስት በጣት ይፈረከሳል፤ ክሪስታሉም ያለ አንዳች ምት ይወጣል። ከከባድ ዝናብ ማግስት የሚሄድ ሰው አዲስ የታጠቡ ክሪስታሎች ፀሐይ ላይ ሲያበሩ ያገኛል። ጠንካራውን አለት ለመምታት የሚያበቃ ምክንያት የሚኖረው ይህ ሁሉ ታይቶ ካለቀ በኋላ ነው።

1. ቦታውን በብሩሽ ጥረጉና አርጥቡ። እርጥብ ሲሆን ስንጥቅ ጎልቶ ይታያል። ክሪስታሉ ራሱ ለሁለት ተሰንጥቆ ከሆነ ጊዜያችሁን አታባክኑበት፤ ከአጠገቡ ሌላ አለ። የሺስቱ ገጾች ወዴት እንደተኙም እዩ፤ አለቱ የሚከፈተው በእነዚያ ገጾች ነው።

2. በጠመኔ ክበብ ሥሩ። በክሪስታሉና በክበቡ መካከል በየአቅጣጫው ቢያንስ የክሪስታሉን ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ ተዉ። 1 ሴ.ሜ. ለሆነ ክሪስታል 4 ሴ.ሜ. ስፋት ያለው ቁራጭ ማለት ነው። ስስት የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ «ሸክም ይቀንስልኝ» ብሎ ክበቡን ያጠበበ ሰው መሮው በክሪስታሉ ላይ ሲያልፍ ያያል። ትርፉን ቤት ውስጥ ማሳጠር ይቻላል፤ የጎደለውን ግን መጨመር አይቻልም።

3. ክሪስታሉን ሸፍኑ። ሶፍት በውሃ አርሱና 1 ሴ.ሜ. ያህል ውፍረት እስኪኖረው አልብሱት፤ ላዩን በፕላስተር አጣብቁ። ይህ ክሪስታሉን ከሚፈናጠር ድንጋይና ከሳተ መሮ ያድነዋል፤ ቢላቀቅም ባለበት ይይዘዋል።

4. በክበቡ ዙሪያ ቦይ ቆፍሩ። መሮውን ሁልጊዜ ወደ ውጭ፣ ከክሪስታሉ ተቃራኒ አዘንብሉት። ጥቂት ከባድ ምት ሳይሆን ብዙ ቀላል ምት። አንድ ቦታ ላይ ከአራት አምስት ጊዜ በላይ ሳትመቱ አንድ ጣት ያህል ወደ ጎን ፈቀቅ እያላችሁ ክበቡን ዙሩ። ቦዩ ቢያንስ ክሪስታሉ ይደርሳል ብላችሁ ከምትገምቱት ጥልቀት አንድ ተኩል እጥፍ ይውረድ።

5. አሁን ከሥር ለዩት። ሁለት መሮዎችን በአንዱ የሺስት ገጽ ውስጥ፣ ከክሪስታሉ በታች፣ በተለያየ ጎን ሰንቅሩና እየተፈራረቃችሁ ምቱ። ድምፁን አዳምጡ። የተያዘ አለት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ መላቀቅ ሲጀምር ድምፁ ይደነዝዛል። ድምፁ ከተለወጠ በኋላ መዶሻውን አስቀምጡና በድጅኖ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ፈንቅሉ። ከዚያ በኋላ የሚመታ ምት ሁሉ ናሙናውን አየር ላይ ለማስፈንጠር ነው።

6. ቁራጩ ሲነሣ አንድ እጅ ከሥሩ ይሁን። የወደቀውንም አፈር አትበትኑት፤ ተሰብሮ የወደቀ ጥግ ካለ እዚያ ነው።

የሚያጋጥሙ ብልሽቶች ጥቂት ናቸው፤ ግን ይደጋገማሉ። ክሪስታሉ ብድግ ብሎ ከጎድጓዳው ከወጣ አትደናገጡ። ወደ ጎድጓዳው የሚገባበትን አቅጣጫ በእርሳስ ነጥብ ምልክት አድርጉ፤ ሁለቱንም በአንድ ከረጢት፣ ግን በተለያየ ሶፍት ጠቅልሉ። ቤት ውስጥ መልሶ ማጣበቅ ነውር አይደለም፤ ነውሩ መለጠፉን ሳይጽፉ መሸጥ ነው። አለቱ በክሪስታሉ ወገብ ላይ ከተከፈተ ደግሞ በአንዱ ገጽ ክሪስታሉ፣ በሌላው ቅርጹ የቀረበት ጎድጓዳ ይገኛል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ከተራ ናሙና የበለጠ ያምራሉ፤ ጎድጓዳውን የሚጥል ሰው ይጸጸታል። ክሪስታሉ አረንጓዴ፣ ለስላሳና በጥፍር የሚፋቅ ልባስ ካለው ክሎራይት ነው፤ ጋርኔቱ ከላይ ወደ ሌላ ማዕድን መለወጥ ጀምሯል። ይህን አትፋቁት፤ ከልባሱ ሥር ያለው ፊት ብዙ ጊዜ የተጎረበጠ ነው፤ ውበቱ ልባሱ ራሱ ነው።

ስለ መጠን አንድ ነገር፦ በኒው ዮርክ የጎር ማውንቴን ጋርኔቶች በግዙፍነታቸው ዝነኞች ናቸው። ባርተን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1878 ጀምሮ ከዚያ አካባቢ ያወጣው ግን ለብርጭቆ ወረቀት ነበር፤ ድንጋዩ በተፈጥሮው የተሰነጣጠቀ ስለሆነ ስለታም እየሆነ ይሰበራል። ለአናጢ በረከት የሆነው ለሰብሳቢ መርገም ነው። እንደ ባቄላ ያለ፣ 12ቱም ፊቶቹ የተሟሉለት ክሪስታል እንደ ብርቱካን ካለ ስብርባሪ ይበልጣል።

ሪዮላይት

ሪዮላይት እንደ ሺስት የሚከፈትበት ገጽ የለውም፤ ወደፈለገው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቋጥኝ አትቆፍሩ፤ ገጹ የተበሳሳ፣ ክፍተት የበዛበት የጡጫ ያህል ድንጋይ ልቀሙ። ፀሐይ ዝቅ ስትል፣ ማለዳ ወይም ወደ ማታ፣ ፊታችሁን ወደ ፀሐይ አዙራችሁ በፈሳሽ መውረጃው ውስጥ ተራመዱ፤ ብልጭታው ይጠራችኋል። ድንጋዩን ለመስበር ሌላ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጡና ከክፍተቱ በተቃራኒ ያለውን ጫፍ አንድ ጊዜ ቆንጠጥ አድርጋችሁ ምቱ። ክሪስታሉ ክፍተቱን ይዞ ከታየ አቁሙ። ከዚያ በላይ ለማሳጠር የሚሞክር ሰው ከሦስት ናሙና ሁለቱን ያጣል፤ የቀረውን ለቤት መቁረጫ ተዉት።

ከጠጠር ማጠብ

ጋርኔት ከባድ ነው። የኳርትዝ የክብደት ንጽጽር 2.65 ሲሆን የአልማንዲን ወደ 4.3 ይጠጋል፤ ማለትም ከእኩል መጠን ውሃ አራት እጥፍ ከሩብ በላይ ይመዝናል። የማጠቢያው ጥበብ በሙሉ ያረፈው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ሁለት ወንፊት ያስፈልጋል፦ ላይኛው ባለ 12 ሚ.ሜ.፣ ታችኛው ባለ 3 ሚ.ሜ. ቀዳዳ። ጠጠሩን በላይኛው አሳልፉ፤ የቀረውን ትልልቅ ድንጋይ በእጅ እያገላበጣችሁ እዩ። ወደ ታችኛው የወረደው ሸክላ አፈር ካለበት መጀመሪያ ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ በእጅ እሹት። ያልሟሟ የሸክላ እንክብል ጋርኔቱን በሆዱ ይዞ ከቆሻሻው ጋር ይጣላል፤ ብዙ ሰው «ቦታው ባዶ ነው» የሚለው በዚህ ነው።

ከዚያ ታችኛውን ወንፊት እስከ ሲሶው ብቻ ሙሉትና ሰፊ የውሃ ገንዳ ውስጥ አጥልቁት። ወንፊቱ ውሃ ውስጥ እንዳለ አጠር አጠር ባለ እንቅስቃሴ ወደ ላይና ወደ ታች ከ20 እስከ 30 ጊዜ ናጡት፤ በየአምስት ንጠቱ ሩብ ዙር አዙሩት። ውሃው ቀላሉን ጠጠር ያነሣል፤ ከባዱ ወደ ታችና ወደ መሃል ይሰበሰባል። በመጨረሻ ወንፊቱን እንደ እንጀራ ምጣድ አክንባሎ ባንዴ ጠፍጣፋ ጨርቅ ላይ ገልብጡት። ከታች የነበረው አሁን ከላይ ነው፤ ጋርኔቱ መሃል ላይ ጥቁር ቀይ ክብ ሠርቶ ይታያል። ተበታትኖ ከታየ ወይ ወንፊቱን ከመጠን በላይ ሞልታችኋል፣ ወይ እየናጣችሁ ሳይሆን እያንገዋለላችሁ ነበር፤ ማንገዋለል የለየውን መልሶ ይቀላቅላል።

የኤመራልድ ክሪክ ጋርኔት ዝናው ውስጡ ባለው ኮከብ ነው። በውስጡ የተደረደሩ፣ ሩታይል የተባለ ማዕድን ጥቃቅን መርፌዎች፣ ድንጋዩ ክብ ሆኖ ሲሞረድ፣ አንድ ነጠላ መብራት ሥር አራት ወይም ስድስት ጨረር ይሠራሉ። ባለ አራቱ ይበዛል። ነገር ግን ቅርጹ ሙሉ የሆነ ክሪስታል ከጠጠሩ ውስጥ ካገኛችሁ ወደ ሞራጅ አትውሰዱት፤ ኮከብ ይኖረዋል ተብሎ ክሪስታል ማፍረስ ዕጣ መጣል ነው።

ጽዳት

በውሃ፣ በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ ጀምሩ። ለአብዛኛው ናሙና ይህ ይበቃል። የሺስት ናሙናን ሌሊቱን ሙሉ አትዘፍዝፉ፤ ማይካው ውሃ ጠጥቶ ይላጣል፣ ክሪስታሉም ማረፊያ ያጣል። በክሪስታሉ ዙሪያ የተጣበቀን ማይካ በወፍራም መርፌ ከክሪስታሉ ወደ ውጭ አንሡ። ድንጋይ ሲሰበር ያልነበረ፣ ነጭ የሆነ ጭረት አለቱ ላይ ካያችሁ መርፌያችሁ ነው፤ እጃችሁን አቅልሉ።

ቡናማ የዝገት ልባስ ካለ ኦክሳሊክ አሲድ ይሠራል። ከ30 እስከ 50 ግራም በ1 ሊትር የዝናብ ወይም የተጣራ ውሃ በፕላስቲክ ዕቃ አሟሙ፤ የቧንቧ ውሃ ካልሲየም ካለው ነጭ ዝቃጭ ይሠራል። ናሙናውን ከሁለት እስከ አምስት ቀን አቆዩት፤ በየቀኑ እዩት። ሲወጣ አሲድ ውስጥ የቆየውን ያህል ቀን በንጹሕ ውሃ ይቆይ፤ ውሃውም በየቀኑ ይለወጥ። ይህን የዘለለ ሰው ናሙናው ሲደርቅ ቢጫ ልባስ ያገኛል። ኦክሳሊክ አሲድ መርዝ ነው፤ ጓንት አድርጉ፣ ዱቄቱን አትተንፍሱ፣ የወጥ ቤት ዕቃ አትጠቀሙ፣ ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡ፣ አታሙቁትም። ጥቁር ማይካና ክሎራይት በአሲድ ቀለማቸው ሊነጣ ስለሚችል መጀመሪያ ከዚያው ቦታ የመጣ የማይረባ ቁራጭ ላይ ሞክሩ።

የስካርን ጋርኔት ብዙ ጊዜ ካልሳይት በተባለው ነጭ የኖራ ማዕድን ተቀብሮ ነው የሚገኘው። እዚህ ላይ መዶሻ ሳይሆን አሲድ ነው ሠራተኛው። ኦክሳሊክ አሲድ ግን ካልሳይት ላይ ነጭ ቅርፊት ስለሚሠራ አይሆንም። አቸቶ ይሠራል፤ ብቻ ሳምንታት ይፈጃል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከተጠቀማችሁ አንድ እጅ የመደብር አሲድ በዘጠኝ እጅ ውሃ አቅጥኑ። ሁልጊዜ አሲዱን ወደ ውሃው ጨምሩ፤ ውሃ ወደ አሲድ ከተጨመረ ፈልቶ ይረጫል። ሥራው ደጅ፣ ነፋስ ባለበት ይሁን። አረፋው ሲያቆም አሲዱ ደክሟል፤ በሶዳ ዱቄት አረፋ መስጠቱ እስኪያበቃ ድረስ አብርዱትና ከዚያ ድፉት። ካልሳይቱን በሙሉ አታሟሙት፤ ክሪስታሎቹ ሁሉ ሥር አጥተው ገንዳው ላይ ይረግፋሉ። የምትፈልጉትን መሠረት ከአሲዱ በላይ አድርጋችሁ ላይኛውን ክፍል ብቻ ንከሩት። ናሙናው ላይ እንደ ነጭ ክር የተዘረጋ ዎላስቶናይት ካለ ይህን ዘዴ ተዉት፤ እርሱም በአሲዱ ይበላል። ጠንካራና ትኩስ አሲድ የአንድራዳይትን ወዝ ሊያደበዝዝ ስለሚችልም መቸኮል አያዋጣም።

መለየት

በሺስት ውስጥ ከጋርኔት ጋር የሚምታታው ስታውሮላይት ነው፤ እርሱ ቡናማ፣ ዘንግ መሰል፣ አንዳንዴም መስቀል የሠራ ነው። ጋርኔት በየአቅጣጫው እኩል ነው፤ 12 ሮምበስ (አራቱም ጎናቸው እኩል የሆነ) ፊቶች ወይም 24 ፊቶች፣ ወይም የሁለቱ ቅልቅል አለው። ቱርማሊን ረዥምና ቁመቱን ሙሉ የተሰነተረ ነው። ሩቢ ስድስት ጎን ይሠራል።

ልቅ ለሆነ ድንጋይ ሁለት የቤት ፈተናዎች አሉ። አንደኛው ማግኔት፦ ድንጋዩን ቁራጭ ስፖንጅ ላይ አድርጋችሁ ውሃ ላይ አንሳፉት፤ ኒዮዲሚየም የተባለውን ኃይለኛ ማግኔት እስኪነካው ድረስ ሳይሆን እስኪጠጋው አቅርቡ። ብረት ወይም ማንጋኒዝ የበዛበት ጋርኔት ተስቦ ይመጣል፤ ሩቢና ቀይ ብርጭቆ ባሉበት ይቆያሉ።

ሁለተኛው የክብደት ንጽጽር ነው። ድንጋዩን ደረቁን መዝኑ። ከዚያ ውሃ የያዘ ኩባያ ሚዛኑ ላይ አድርጉና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሱ። ድንጋዩን በቀጭን ክር አስራችሁ፣ ታች ሳይነካ፣ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ አንጠልጥሉት። ደረቁን ክብደት ሚዛኑ አሁን ባሳየው ቁጥር አካፍሉ። 12.6 ግራም የሆነ ድንጋይ 3.0 ካሳየ 4.2 ነው፤ ለአልማንዲንም ለስፔሳርቲንም ቅርብ። ፓይሮፕና ግሮሱላር ወደ 3.6፣ አንድራዳይት ወደ 3.86፣ ስፔሳርቲን ወደ 4.19 ናቸው። ድንጋዩ ላይ የተጣበቀ የአየር አረፋ ውጤቱን ዝቅ ያደርገዋል፤ ውሃው ላይ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምሩ። የወጥ ቤት ሚዛን ለትንሽ ድንጋይ አይሆንም፦ 1 ግራም የሆነ አልማንዲን ሊያሳይ የሚገባው ወደ 0.23 ነው። አንድ አሥረኛ ግራም ብቻ የሚለይ ሚዛን 0.2 ወይም 0.3 ይላል፤ መልሱም 5 ወይም 3.3 ይሆናል። እስከ 0.01 ግራም የሚለይ ሚዛን ፈልጉ፤ ርካሽ ነው። ድንጋዩ ላይ ኳርትዝ ወይም ማይካ ከተጣበቀ ግን ሚዛኑ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ያሳስታል።

መለያና ማስቀመጫ

መለያ የሌለው ጋርኔት ቀይ ድንጋይ ነው። ገና መስክ ላይ ሳላችሁ፣ ከረጢቱ ሳይዘጋ፣ ይህን ጻፉ፦ ቁጥር፣ ቀን፣ ትክክለኛ ቦታ ከጂፒኤስ ቁጥሩ ጋር፣ የአለቱ ዓይነት፣ አብረውት ያሉ ማዕድናት፣ ከአለቱ የተቆረጠ ወይም ከፍርስራሽ የተለቀመ መሆኑን። ወደ ቤት ሲገባ ከናሙናው ጀርባ ትንሽ ነጭ ቀለም ቀቡ፤ ሲደርቅ ቁጥሩን በማይለቅ ቀለም ጻፉበትና ጥርት ባለ የጥፍር ቀለም ሸፍኑት። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ብቻ የጻፈ ሰው መሳቢያው አንዴ ሲገለበጥ ስብስቡን ያጣል።

በዓይነቱ ላይ ከምታውቁት በላይ አትጻፉ። በላቦራቶሪ ካልተመረመረ «ጋርኔት፣ አልማንዲን ሳይሆን አይቀርም፣ የክብደት ንጽጽር 4.2» ብሎ መጻፍ ከእርግጠኛ ስህተት ይሻላል። የተለጠፈ፣ በአሲድ የታጠበ ወይም የተጠናከረ ከሆነም እዚያው ይመዝገብ።

ጋርኔት ብርሃን አያደበዝዘውም፤ እርጥበትም ብዙ አይጎዳውም። የሚፈርሰው ሺስቱ ነው። የሚረግፍ ናሙናን ለማጠንከር ፓራሎይድ ቢ-72 የተባለውን ማጣበቂያ 5 ግራም በ100 ሚ.ሊ. አሴቶን አሟሙታችሁ በቀጭን ብሩሽ የአለቱን ጎንና ጀርባ ብቻ አጠጡት፤ ክሪስታሉን አትንኩ። ይህ ማጣበቂያ በኋላ በአሴቶን ይለቃል። ሱፐር ግሉ ግን በአሴቶንም ቢሆን በቀላሉ አይለቅም፤ ሲደርቅም በዙሪያው ነጭ ጭጋግ ይተዋል፤ ጥቁር ቀይ ፊት ላይ ደግሞ ወዲያው ያጋልጣል። ለማጓጓዝ እያንዳንዱን ለብቻው በሶፍት ከዚያም በጋዜጣ ጠቅልሉ። ጥጥ አትጠቀሙ፤ ቃጫው በክሪስታሎቹ ጠርዝ ይያዝና አንድ ሰዓት ሙሉ በቆንጣጭ ስታነሡት ትውላላችሁ።